ዘመናይና የቀበና ሙላት

ከጎርፍ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዕድሜ ሰጥቶኝ ብዙ አይቻለሁ። «ተመስገን» ይላል፤ ይህን የሚለው ግን አፉ ብቻ ነው፤ ዐይኑ የተሻገረበትን ነገር ይመረምራል። በዚህ ክረምት አንድ ጎረቤቴ በቅርቡ ያመጣትን መኪና ይዞ ጎርፍ ውስጥ ገባና እግዜር አውጥቶት ደጁ ደረሰ። ሰውዬው እስከ ወገቡ ርሷል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ሚስቱ ደረቅ ልብስ ይዛ ከኋላ ከኋላው ትላለች፤ እሱ መኪናይቱን ሦስት ጊዜ ዞራት። ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ። ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያገኘውን ሁሉ «ይህ ድምፅ ድሮም ነበራት?» እያለ ሲጠይቅ ከረመ። ሰፈሩ ሳቀበት።

እኔ አልሳቅሁም። በጉብዝናዬ ወራት እንዲሁ ሆኜ አውቃለሁና። ያን ጊዜ መኪና የሚባል ነገር በአገራችን ገና በወሬም አልደረሰም። የኔይቱ በቅሎ ነበረች። «የኔይቱ» ስል ለአፌ ያህል ነው እንጂ የኔም አልነበረችም፤ ጭንቀቱም የመጣው ከዚያው ነው።

ከተማው እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ተራራውን የሞላው ባሕር ዛፍ ገና አልመጣም፤ የነበረው ጥድና ወይራ ነው፤ እሱም ቢሆን ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ በየቀኑ ይሳሳል። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ተራራው ራስ ላይ ሰፍረው ነበርና እኛም ባለ እጆቹ ተከትለን ወጥተን ጎጆ ቀለስን። የእንጦጦን የሐምሌ ብርድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ የሚያውቅ ደግሞ ማስረጃ አይፈልግም። የእኔ ሥራ ኮርቻ መሥራት ነበር። ዋንዛውን እጠርባለሁ፣ በጥሬ ቆዳ ጠፍር እጠፍራለሁ፣ ቆዳ አለብሳለሁ። እጄ መልካም ነበር፤ ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ በኋላ የሚመጣው ውርደት በደንብ እንዲገባችሁ ነው።

አንድ ቀን ወይዘሮ በላይነሽ አስጠሩኝ። ባላቸው ዘመቻ ላይ ከሞቱ ወዲህ ቤታቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ሴት ነበሩ። የካ ተራራ ግርጌ የሚኖር አንድ ወንድም ነበራቸው፤ አቶ ንጋቱ ይባላሉ። እኅትና ወንድም ከተነጋገሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ስትቀበር ወይዘሮዋ እንዳልተገኙ ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደቀሩ ግን እንጦጦ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱ ታሪክ ነበረው። ያን ሰሞን ሽማግሌ ገብቶ ኖሮ፣ ወይዘሮዋ ቅዳሜ ጧት ወንድማቸው ቤት ሄደው እንዲታረቁ ተቆርጧል።

«ለዕርቁ አዲስ ኮርቻ እፈልጋለሁ» አሉኝ። ሠርቼ አመጣሁ። ከላይ ከታች አገላብጠው አዩትና በቅሏቸውን በልጓሟ ይዘው ሰጡኝ። ዘመናይ ትባላለች። ጥቁር፣ አንገተ ረጅም፣ ሰውን ከጎን የምታይ ፍጥረት ናት፤ ስሟን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም።

«ሦስት ቀን ተቀመጥባት፤ ኮርቻው ጀርባዋን ይልመድ» አሉኝ። «ግን እዚሁ አካባቢ። ውሃ እንዳታሻግራት።»

«እሺ እመቤቴ» አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን በእሺታዬ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ምን እንደነካኝ እናንተው ፍረዱ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ኮርቻ ሠርቼ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። አሁን እንዲህ ያለች በቅሎ ላይ፣ በገዛ እጄ ሥራ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ዘመድ ሳያየኝ ልቀር ነው? አጎቶቼ ከቀበና ማዶ፣ የካ ነው ያሉት። ወንዙ ደግሞ በዚያ ጧት ቁርጭምጭሚት አይነካም ነበር። ሄድኩ። አጎቴ ከሩቅ ሲያየኝ ማን መሰልኩት መሰላችሁ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። እኔ መሆኔን ሲያውቅ መልሶ ተቀመጠ። ያችው የተነሣባት ጊዜ ግን ለመንገዱ ሁሉ በቃችኝ።

ስመለስ የካ ላይ ፀሐይ ነው። ቀና ብዬ ወደ እንጦጦ ሳይ ግን ተራራው የለም። ጥቁር ደመና እንዳለ ውጦታል፤ ከውስጡ አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል። ዘመናይን ወደ ቀበና አጣደፍኳት።

ከውሃው በፊት ድምፁ ደረሰ። ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር፤ ነጎድጓድ ግን ያቋርጣል፤ ይህ አላቋርጥ አለ። ከዚያ አፈሩ ከበቅሎዋ ኮቴ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጧት ከተሻገርኩበት መልካ አፋፍ ላይ ስደርስ ያየሁትን ነገር ዛሬም ስናገር ድምፄ ይለወጣል። ጧት በድንጋይ ላይ እየዘለልኩ ልሻገረው እችል የነበረው ውሃ ጠፍቶ፣ በቦታው አንድ ቀይ፣ ጎርባጣ፣ ሕይወት ያለው ነገር ይሄዳል። እላዩ ላይ ጥድ ከነሥሩ ተገልብጦ ይንሳፈፋል። የቤት ክዳን አየሁ። እታች ደግሞ፣ ከውሃው ሆድ ውስጥ፣ በሬ በሬ የሚያህሉ ድንጋዮች እየተላተሙ ይሄዳሉ፤ አይታዩም፤ ድምፃቸው ግን በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚሰማ። ተራራው ራሱ ቤቱን ለቆ ቁልቁል የተሰደደ መሰለኝ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ፍርሃቴ ራሱ ጊዜ ወስዶበት ነው የደረሰብኝ።

መልካው አጠገብ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ የኦሮሞ ሽማግሌ ገበሬ ይኖሩ ነበር። ብትራቸውን ይዘው ወጡና መንገዴ ላይ ቆሙ።

«ቱሪ! ቆይ ልጄ! ይህ ውሃ እዚህ አያድርም። እስከ ማታ ይጎድላል።»

«እስከ ማታ መቆየት አልችልም፤ በቅሎዋ የሰው ናት» አልኳቸው።

«የሰው ከሆነችማ ይበልጥ ቆይ እንጂ!»

እውነታቸውን ነበር። ግን የወይዘሮዋ በቅሎ ጠባቂ፣ አዛውንቱ ባሻ ዘለቀ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዘመናይን ሊያዩ እኔ ጎጆ ይመጡ ነበር። መጥተው ቢያጡኝስ? ወንዝ ማዶ መሆኔ ቢታወቅስ? ልብ በሉ፤ ከፊቴ ሰው የሚበላ ውሃ እየሄደ፣ እኔ የምፈራው የአንድ ሽማግሌ ጥያቄ ነው። ዘመናይን ወደ መልካው ኮለኮልኳት።

አራት እግሯን ተክላ ቀረች። ደገምኳት። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ አንገቷን ወደ ላይኛው በኩል ጠመዘዘች፤ ልጓሙን ከእጄ ነጥቃ አፋፉን ይዛ ሽቅብ ሄደች። ሸሸች ብዬ ነበር። መቶ እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ፣ ወንዙ ሰፋ ከሚልበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። አፍንጫዋን ወደ ውሃው አስጠግታ አሸተተች። ከዚያ እኔን ሳትጠይቅ ገባች።

የምይዘው ነገር ጋማዋ ብቻ ነበር። ውሃው በመጀመሪያ እርካቤን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ኮርቻውን ዋጠ። ዘመናይ በቀጥታ አልተሻገረችም፤ ደረቷን ለውሃው ሰጥታ፣ እግሯን እየፈለገች፣ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የምትራመድ። መኻል ስንደርስ ቆመች። ሞትን ብዬ ጮህኩ፤ ተረከዜን ጎኗ ውስጥ ቀበርኩት፤ ወይ ፍንክች! በዚያው ቅጽበት ከላይ አንድ ግዙፍ የጥድ ግንድ እየተሽከረከረ መጣና ከፊት ለፊታችን፣ እጄን ብዘረጋ በምነካው ርቀት አለፈ። አንድ እርምጃ ሄደን ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ የሚያወጋችሁ አይኖርም። ግንዱ ካለፈ በኋላ ዘመናይ መንገዷን ቀጠለች። ለካ ስትጠብቀው ነበር። ከኛ በፊት የደረሰ እንግዳ አሳልፋ እንደምትገባ ሴት፣ እንዲያው ቆማ አሳለፈችው።

ማዶ ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ። ኦቦ ቱሉ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቆመዋል።

እኔስ ምን አደረግሁ? «ተመስገን» አልኩ። ከዚያ ወርጄ እግሯን መዳሰስ ጀመርኩ።

ባሻ ዘለቀ የመጡት እኔ ጎጆዬ ከደረስኩ ብዙም ሳልቆይ ነው።

«ምን አረጠባት?»

«ዝናብ ነዋ አባቴ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሆዷ ላይ የተለጠፈውን ቀይ ጭቃ አዩ። ከጭራዋ ውስጥ አንድ የጥድ ቅርንጫፍ መዘው አወጡ፤ አገላብጠው አዩት፤ ጣሉትና ሄዱ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

ከዚያ ጭንቀቱ ጀመረ። ዘመናይ ስታስነጥስ ሳንባዋ ውሃ ገባ እላለሁ። ጆሮዋን ስታራግፍ ጆሮዋ ደነቆረ እላለሁ። ዝም ስትል ደግሞ ይብሳል። ሰው መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ጉዱ እንዳይወጣ «አንድ ወዳጄ አለ፤ በቅሎው ጎርፍ ውስጥ ገብታ ወጣችና...» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። ጎረቤቴ ወታደሩ «በጭራሽ እንዳትተኛ፤ ከተኛች አትነሣም» አለኝ። ቅቤ ነጋዴዋ «ያስተኛት እንጂ! ድካም ነው የሚገድላት፤ ጆሮዋን በለጋ ቅቤ ይሙላላት» አለችኝ፤ ቅቤውንም ያመጣችው እሷው ናት። አንድ ደብተራ ደግሞ ነገሩን በጥሞና ሰምቶ «ወዳጅህ ራሱ ነው የታመመው» አለና ሄደ። የሚገርመው፣ ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። በቅሎ ያለው ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

እኔም ሁሉንም አደረግሁ። ጆሮዋን በቅቤ ቀባሁ። ሆዷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ፋንድያዋን በእንጨት እየበተንኩ መረመርኩ። ኮርቻውን ግን፣ የገዛ እጄን ሥራ፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ምድጃ አጠገብ ጣልኩት፤ ሲደርቅ በቅቤ ወልውዬ አብለጨለጭኩት። በሦስተኛው ቀን እንደታዘዝኩት ጭኜ፣ እንዳይደክማት ብዬ ቀስ እያልኩ፣ እዚያው ተራራው ላይ ሳዞራት ዋልኩ። ዐይኗን አያለሁ፣ አፍንጫዋን አያለሁ፣ ኮቴዋን አያለሁ። ምንም የለባትም። ልቤ ጥቂት ተመለሰ።

ቅዳሜ ጧት ዘመናይን ወስጄ አቀረብኩ። ወይዘሮ በላይነሽ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እርካቡን ረግጠው ወጡ፤ ገና ሲቀመጡ ዘመናይ ወገቧን ወደ ታች ሰበረችና ጥርሷን አፋጨች። ወይዘሮዋ ወዲያው ወረዱ። ኮርቻውን ራሳቸው ፈትተው፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ግላስ ገልጠው ጀርባዋን አዩ። ጠጉሩ ተልጦ፣ ቆዳው ቀልቶ አብጧል። ገጣባ። ለአንድ ኮርቻ ሠሪ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ኮርቻውን ገልብጠው ከሥሩ አዩ። ውሃ የጠጣው ዋንዛ እሳት ሲመታው ተጣምሟል፤ ጠፍሩ ተኮማትሮ አንዱን ጎን ወደ ውስጥ ስቦታል። ዕውር እንኳ በጣቱ ሊያውቀው ይችል ነበር። ሁለት ቀን ውሃው ዘመናይን ምን እንዳደረጋት ስፈልግ፣ ዘመናይን የጎዳት ውሃው ሳይሆን የእኔው ሥራ ኖሯል።

«ይህ ኮርቻ ውሃ ገብቷል» አሉ።

ተንበረከክሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ አጎቴን፣ ደመናውን፣ ግንዱን። ባሻ ዘለቀ ጎን ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። አለንጋ እጠብቅ ነበር።

«ሙላቱ በመጣበት ቀን? በዚህች በቅሎ ቀበናን ተሻገርህ?»

«አዎን እመቤቴ።»

«በየት በኩል?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም። «ከመልካው በላይ። እኔ አይደለሁም፤ ራሷ ናት ሽቅብ የወሰደችኝ» አልኩ።

ወይዘሮዋ ፊታቸው ደም እንዳጣ ሆነ። ባሻ ዘለቀ «ሌላ በቅሎ ላስጭን?» አሉ። «አይሆንም» አሉ፤ «ዘመናይን ባዶዋን ያዙልኝ። አንተ ደግሞ ቦታውን ታሳየኛለህ።» ነጭ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቁልቁለቱን በእግራቸው ጀመሩት።

ቀበና ጎድሎ ጉልበት አይደርስም። ወንዙ የጣለው ጥድና ድንጋይ ግን ግራና ቀኝ ተከምሯል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ጎጆ ያህላል፤ ከየትኛው ተራራ እንደተነቀለ እግዜር ይወቅ። ዘመናይ የገባችበትን አሳየኋቸው። ውሃውን ተሻግረን ማዶ ስንወጣ ኦቦ ቱሉ መጡ፤ እኔን ሳይሆን በቅሎዋን ሰላም አሏት። አንገቷን እየደባበሱ ወይዘሮዋን አተኩረው አዩ።

«እመቤት፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ» አሉ። «አራት ዓመት ይሆናል። ሙላት ነበር። ማዶ፣ እዚያ መልካው ላይ፣ ሁለት ቀን ቆመው አይቻለሁ። ጮኼም ነበር፤ ውሃው አላሰማልኝም። ይህችው በቅሎ ናት። ያን ጊዜም ሽቅብ ስትጎትት ነበር።»

«እኔ ነኝ ልጓሟን የያዝኋት» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «ደንብራ መስሎኝ። እናቴ ከዚህ ወዲያ እየተቀበረች፣ እኔ ልጓም ይዤ ቆሜ ነበር።»

ወይዘሮዋ ግንባራቸውን ከዘመናይ ግንባር ጋር አገናኝተው ብዙ ቆዩ። ዘመናይ እንደ ልማዷ በጎን ታያቸዋለች። እኔ ያን ጊዜ ነው ያቺን በቅሎ የፈራኋት፤ ከጎርፉ ይልቅ። የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ይዞ አራት ዓመት ዝም የሚል ፍጥረት እንዴት አያስፈራም?

ቀና ሲሉ ወደኔ ዞሩ። «አንተ፣ ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም እመቤቴ።»

«ሞኝ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ዞር ብዬ ያን ውሃ በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለት ቀን ዘግይቶ።

አቶ ንጋቱ ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ለሳምንት ያጠኑት ንግግር በየአፋቸው ሞልቷል። አቶ ንጋቱ ተነሥተው ከሩቅ አዩን። ኮርቻ የሌላት በቅሎ። ከበቅሎዋ ፊት ፊት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነች፣ ነጭ የለበሰች ረጅም ሴት። ሰውየው ክብራቸውንም ሽማግሌውንም ጥለው ሮጡ።

«በእግርሽ? ከእንጦጦ እስከዚህ በእግርሽ መጣሽ?»

ወይዘሮ በላይነሽ ወደኔ አዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«በእግሬ መጣሁ» አሉ።

አቶ ንጋቱ ጭቃው ላይ ወድቀው የእኅታቸውን እግር አቀፉ። እኅትየውም ጎንበስ ብለው «ያኔ ውሃው ሞልቶ ነበር፤ ማዶ ቆሜ ነበር» አሉ። «አውቃለሁ» አሉ ወንድምየው እያለቀሱ፤ «ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ የጠበቅሁት መምጣትሽን ነው።» የሽማግሌዎቹ ንግግር በየአፋቸው ቀረ። አንደኛው ብቻ እንዳይከስር ብሎ መርቆ ተቀመጠ።

ወሬው ከኛ በፊት እንጦጦ ደረሰ። እመቤቲቱ በቅሎ ሳለቻቸው ስለ ትሕትና በእግራቸው ወርደው ወንድማቸውን ታረቁ ተባለ። አንድ ቄስ በስብከታቸው መኻል አነሱት፤ ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም ከሕዝቡ ጋር አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ? ስለ ገጣባው የምናውቀው ጥቂቶች ነን፤ ባሻ ዘለቀ እንደሆኑ መናገር አይወዱም።

ዘመናይ ዳነች። ኮርቻውን ሰብሬ እንደገና ሠራሁ፤ ጥላ ውስጥም አደረቅሁት። ወይዘሮዋ ከቤታቸው አላባረሩኝም፤ እንዲያውም ወንድማቸውን ሊጠይቁ በሄዱ ቁጥር ልጓም ያዥ እኔ ሆንኩ። ሁልጊዜም አቶ ንጋቱ ደጅ ከመታየቱ በፊት፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ «አቁማት» ይሉኛል። ይወርዳሉ። የቀረችውን መንገድ በእግራቸው ይሄዷታል። እኔ ዘመናይን ይዤ ራቅ ብዬ እከተላለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ በልቤ እስቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ በእግር የመጣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በእግር ሊመጣ ነው እያልኩ።

ዓመታት አለፉ። አቶ ንጋቱ አረጁ፤ ዐይናቸው ፈሶ የበራቸውን ምሰሶ እንኳ በዳበሳ የሚያገኙ ሆኑ። አንድ ክረምት ስንሄድ መንገዱ የባሰ ጭቃ ነበር። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ወይዘሮዋ እንደ ልማዳቸው እርካቡን ለቀው ሊወርዱ ሲሉ ደፍሬ ተናገርኩ።

«እመቤቴ፣ ዛሬ እንኳ ከነበቅሎዎ ቢገቡ? እሳቸው እንደሆኑ አያዩም።»

ወረዱ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና ጭቃውን ጀመሩት።